ትእዛዝና ስንቅ፦ የሴሊሎ ቫልቭ ጉዳይ

በ1997 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ከኮሎምቢያ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዘ ዳልስ ከተማ አጠገብ፣ ተለዋዋጭ ጅረትን (ኤሲን) ወደ ቀጥተኛ ጅረት በሚለውጠው በሴሊሎ የመለወጫ ጣቢያ አንድ ያረጀ የሜርኩሪ ቫልቭ ከቦታው ተነሣና በምትኩ የታይሪስተር ቫልቭ ተተከለ። ቫልቭ እዚህ ላይ ጅረትን በታዘዘ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትልቅ የኤሌክትሪክ በር ነው፤ ታይሪስተር ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ የሲሊከን ማብሪያ ነው። ጎረቤቶቹ የሜርኩሪ ቫልቮች እንደ ነበሩ ቀሩ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ተራ የዕቃ ቅያሪ ይመስላል። ታይሪስተር በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ የቀጥተኛ ጅረት ማስተላለፊያ ላይ መሥራት ከጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር። አዲስ የነበረው አቀሳቀሱ ነው። እነዚህን ታይሪስተሮች ለማብራት ከላይ፣ በከፍተኛው ቮልቴጅ ላይ፣ ሽቦም ባትሪም የኃይል ምንጭም አልተቀመጠም። ከምድር የተነሣ ብርሃን በመስታወት ክር ተጉዞ በቀጥታ ሲሊከኑ ላይ ያርፋል፤ ታይሪስተሩም ይበራል። ትእዛዙም ጉልበቱም ያው ብርሃን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ብዙ ጊዜ የሚድበሰበስ አንድ ጥያቄ በውስጡ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ማንኛውም የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የሚቀሰቅሰው ሰርኪዩት ይፈልጋል፤ ባለሙያዎች ድራይቨር ይሉታል። ቀስቃሹ ራሱ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል። መቼ እንደሚያበራ የሚነግረው ትእዛዝ ሊደርሰው ይገባል። ትእዛዙ ሲደርሰው ጌቱ (የማብሪያ ማጥፊያው መቀስቀሻ ጫፍ) ላይ የሚለቀው ጉልበት፣ ማለትም ስንቅ፣ አስቀድሞ በእጁ መኖር አለበት። ማብሪያ ማጥፊያው ከመቆጣጠሪያው ጋር በአንድ የቮልቴጅ ደረጃ ላይ ከሆነ ሁለቱንም በተራ ሽቦ ማቀበል ቀላል ነው። ከምድር 400 ሺህ ቮልት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ በዚያም ላይ ቮልቴጁ በእያንዳንዱ የኤሲ ዑደት ሽቅብ ቁልቁል ሲዘል ግን ከምድር ወደ እርሱ የመዳብ ሽቦ መዘርጋት ጣቢያውን ማቃጠል ነው።

ኢንቬርተር (ቀጥተኛ ጅረትን ወደ ኤሲ የሚለውጥ ዕቃ) ፈትቶ ያየ ሰው ይህን ችግር በትንሹ ያውቀዋል። በውስጡ ካሉት፣ ድልድይ ከሚባሉት የትራንዚስተሮች ድርድር በላይኛው ክንፍ ያለው ትራንዚስተር በ300 ወይም በ400 ቮልት ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ አጠገቡ ትእዛዙን በብርሃን የሚያሻግር ትንሽ ጥቁር ኦፕቶከፕለርና ጉልበቱን በማግኔት የሚያሻግር የአውራ ጣት ያህል ትራንስፎርመር ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ እንደማስተውለው፣ ብልሽት ሲፈለግ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው በተቃጠለው ትራንዚስተር ላይ ነው። ትራንዚስተሩ የተቃጠለው ስንቁ ስለሳሳበት፣ ጌቱም በቂ ቮልቴጅ አጥቶ ግማሽ በግማሽ ስለበራ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ሴሊሎ ውስጥ የነበረው ይኸው ችግር ነው፤ ቮልቴጁ ግን አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጣል።

ጣቢያው ስሙን ያገኘው ከሴሊሎ ፏፏቴ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለሺህ ዓመታት ሳልሞን ያጠምዱበት የነበረው ይህ ፏፏቴ በ1957 የዘ ዳልስ ግድብ ውኃ ሲሞላ ሰጠመ። የግድቦቹን ኤሌክትሪክ ወደ ደቡብ ለመውሰድ ከተሠሩት መንገዶች አንዱ የፓሲፊክ የቀጥተኛ ጅረት መስመር ነው። ከሴሊሎ ተነሥቶ 1,362 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በሎስ አንጀለስ ሰሜናዊ ጫፍ ሲልማር ይገባል። በ1970 ሥራ ሲጀምር በአዎንታዊውና በአሉታዊው ወገን እያንዳንዱ 400 ሺህ ቮልት፣ በድምሩ 1,440 ሜጋ ዋት ያሳልፍ ነበር። በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ባለ 133 ሺህ ቮልት የቫልቭ ቡድኖች በተከታታይ ተያይዘዋል። የሰሜኑን ጫፍ የሚያስተዳድረው የቦንቪል የኃይል አስተዳደር ነው። መስመሩ በተከፈተ በዓመቱ፣ በየካቲት 1971፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሲልማርን ጣቢያ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ያ ግን የራሱ ታሪክ ያለው ነገር ነው።

የሜርኩሪ ቫልቭ ትልቅ የብረት ዕቃ ነው። ከታች የሜርኩሪ ገንዳ፣ ከላይ አኖዶች፣ በመካከላቸው የሜርኩሪ ተን። ቅስቱ፣ ማለትም ጅረቱን በተኑ ውስጥ የሚያሻግረው የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ መቼ እንዲቀጣጠል የሚወስነው በመካከል ያለው ግሪድ ነው። እርሱም ቀስቃሽ ነበረው፤ ቀስቃሹም ትእዛዝና ስንቅ ይሻ ነበር። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ስንቁን የሚያወጡት በማግኔት ነበር፦ አንደኛው ጥቅል ምድር ላይ፣ ሌላኛው ጥቅል በቫልቩ ቮልቴጅ ላይ ሆኖ በመካከላቸው ወፍራም መከለያ ያለው ለይቶ ማቀበያ ትራንስፎርመር። ይሠራል፤ ለአሥርት ዓመታትም ሠርቷል። ነገር ግን የሚቀበለው ጥቂት ኃይል ሆኖ ሳለ የሚሸከመው የመስመሩን ሙሉ ቮልቴጅ ስለሆነ ዕቃው ግዙፍና ውድ ነበር። ጥቂት እንጀራ ለማድረስ የመቶ ሰው አጀብ እንደ መላክ ያለ ነገር ነው።

የሜርኩሪ ቫልቮች ትልቁ ሕመማቸው የኋልዮሽ ቅስት ነበር። ቫልቩ መዝጋት በሚገባው ጊዜ ጅረቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይነድዳል፤ በዚያች ቅጽበት ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው የአጭር ዙር ጅረት በቡድኑ ውስጥ ባለው ጤነኛ ቫልቭም ያልፋል። የሜርኩሪ መርዛማነትና የመለዋወጫ መጥፋት ሲጨመርበት፣ በ1990ዎቹ ውስጥ ጥያቄው መቼና በምን ይተኩ የሚል ሆነ።

በምን ለሚለው የተለመደ መልስ ነበር። የመስመሩ ቮልቴጅ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 500 ሺህ ሲያድግ በእያንዳንዱ ወገን የተጨመረው ባለ 100 ሺህ ቮልት ቡድን የታይሪስተር ነበር። በአንድ ቫልቭ ውስጥ ብዙ ታይሪስተሮች በተከታታይ ተደርድረው ቮልቴጁን ይካፈላሉ። በኤሌክትሪክ በሚቀሰቀሰው ዓይነት እያንዳንዱ ታይሪስተር የራሱ ቀስቃሽ ሰሌዳ አጠገቡ አለው። ትእዛዙ ከምድር በመስታወት ክር ይመጣል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የትእዛዙ ነገር እዚህ ላይ አልቋል። ሰሌዳው ያንን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ቀይሮ ጥቂት አምፔር ያህል ጅረት ወደ ጌቱ ይለቃል። ያ ጅረት ከየት ይመጣል?

መልሱ ብልሃት የተሞላበት ነው፤ ስናብራራው ግን ድክመቱም አብሮ ይወጣል። ታይሪስተሩ በማይበራበት ጊዜ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይቆማል። የቮልቴጅ ዝላዩን ለማለዘብ ደግሞ ከታይሪስተሩ ጎን ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) እና ሬዚስተር (ጅረትን የሚገታ ዕቃ) ይታሠራሉ። በእነዚህ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ጥቂቱ ተጠልፎ ወደ ሰሌዳው የማከማቻ ካፓሲተር ይገባል። ቀስቃሹ ከሚጠብቀው ታይሪስተር ላይ ስንቁን ይቀላውጣል ማለት ነው፤ ከምድር ምንም አይላክለትም። በሰከንድ 60 ዑደት ባለው የአሜሪካ መረብ ላይ ይህ መሙላት በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ይደገማል። ሁሉም ደህና ሲሆን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ሁሉም ደህና የማይሆንበት ሰዓት አለ። በጣቢያው አቅራቢያ ባለው የኤሲ መስመር ላይ መብረቅ ይወርዳል፣ ወይም ዛፍ ይወድቃል፤ ቮልቴጁም ለአንድ ሰከንድ ክፍልፋይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በታይሪስተሩ ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ከሌለ መሙላት የለም። ሰሌዳው ካጠራቀመው እየበላ ይቆያል፤ ሲያልቅ አለቀ። ከዚያ ጥፋቱ ይጸዳና የኤሲ ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ከመቆጣጠሪያው በመስታወቱ ክር ትእዛዝ ይመጣል፦ አብራ። ጌቱ ላይ የሚለቀቅ ነገር የለም። መረቡ ኃይሉን ከምንጊዜውም በላይ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ካልተመለሰለት ጥፋቱ ወደ ሌሎች መስመሮች ሊዛመት ይችላል። ቀስቃሹ ግን ትእዛዝ ሰምቶ መፈጸም የማይችልበት ጊዜ ይኸው ነው።

በእርግጥ ንድፍ አውጪዎች ይህን ያውቃሉ። ለተወሰነ ጊዜ የሚበቃ ስንቅ በካፓሲተሩ እንዲኖር ያሰላሉ፤ ቫልቩም ቮልቴጁ እንደ ተመለሰ በፍጥነት እንዲሞላ ያደርጋሉ። ለተከታታይ ታይሪስተሮች ግን ሌላ ጭንቀት አለ፦ ሁሉም በአንድ ላይ፣ በማይክሮ ሰከንድ ልዩነት ውስጥ መብራት አለባቸው። አንዱ ሰሌዳ ስንቁ አልቆ ሌሎቹ ቢበሩ፣ ያ አንዱ የሁሉንም ቮልቴጅ ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ በየደረጃው ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ያለ ትእዛዝ የሚያበራ ሌላ መከላከያ ይጨመራል። ሰሌዳው እየወፈረ ይሄዳል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች በመቶ ይቆጠራሉ፤ ሁሉም በከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በብርቱ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ውስጥ፣ ጣቢያው ሳይጠፋ እጅ በማይደርስበት ቦታ ተሰቅለዋል።

የጀርመኑ ኩባንያ ሲመንስ በሴሊሎ ያመጣው ቫልቭ ይህን ሁሉ ከሥሩ ለመንቀል ያሰበ ነበር። ታይሪስተር በተፈጥሮው ብርሃን ይሰማዋል። ተስማሚ ርዝመት ያለው የብርሃን ሞገድ ሲሊከን ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ የተላቀቁት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ከውጭ እንደ ገባ የጌት ጅረት ይሠራሉ። ችግሩ የብርሃኑ ማነስ ነው። ስለዚህ የሲሊከኑ ገበታ መሀል ላይ ትንሽ ብርሃን ተቀባይ ክብ ይሠራል፤ በዙሪያው እንደ ኩሬ ሞገድ የሚሰፉ የማጉያ ቀለበቶች ይከተሉታል። መሀሉ በጥቂት ብርሃን ይበራል፤ የእርሱ ጅረት የመጀመሪያውን ቀለበት ያበራል፤ ያም ቀጣዩን፤ በመጨረሻም ሙሉው ገበታ። ቀስቃሹ ሰርኪዩት ከታይሪስተሩ ጎን መሆኑ ቀርቶ በሲሊከኑ ውስጥ ተቀብሯል፤ የመጨረሻውን ጉልበት የሚያወጣውም ታይሪስተሩ ከያዘው ቮልቴጅ ነው። ጎን ላይ የተሰቀለ ማጠራቀሚያ ስለሌለ የሚያልቅበት ነገርም የለም፤ ለማብራት የሚበቃ ቮልቴጅ በተመለሰ ቅጽበት ዝግጁ ነው።

ቁጥሩን ላስቀምጥ፤ ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ለእንዲህ ያለ ታይሪስተር 40 ሚሊ ዋት ገደማ የሆነ፣ ዓይን የማያየው የቀይ ወዲያ ብርሃን ለ10 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል። በጉልበት ሲሰላ ከግማሽ ማይክሮ ጁል ያነሰ ነው። በኤሌክትሪክ የሚቀሰቀሰው ዓይነት በዚያው ቅጽበት ጌቱ ላይ ከ10 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ከ200 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ብርሃኑን የሚያመነጩት ሌዘር ዳዮዶች በምድር ላይ፣ በቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የብዙ ሌዘሮች ብርሃን በአንድ የመስታወት መቀላቀያ ውስጥ ገብቶ ይዋሐዳል፤ ከዚያም በእኩል ተከፍሎ ወደየታይሪስተሩ ይሄዳል። አንዱ ሌዘር ቢሞት ሁሉም ታይሪስተሮች ጥቂት ብርሃን ይቀንስባቸዋል፤ ማንም ግን ሙሉ በሙሉ አይታወርም። ይህ አሠራር በጣም ያስደስተኛል። ደካማውን ክፍል እጅ ወደሚደርስበት ቦታ አውርዶ፣ ጉዳቱን ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ ያካፍላል።

ከላይ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጣቢያው የትኛው ታይሪስተር እንደ ሞተ ማወቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየደረጃው ቮልቴጁን የሚመለከትና በሌላ የመስታወት ክር ብርሃን ወደ ምድር የሚልክ አነስተኛ ሰሌዳ ይቀራል። የእርሱ ስንቅ አሁንም ከታይሪስተሩ ጫፎች ነው። ልዩነቱ ግን ግዙፍ ነው፤ ይህ ሰሌዳ ቢሞት የሚጠፋው ወሬው ብቻ ነው፤ ታይሪስተሩ መታዘዙን ይቀጥላል። በድሮው አሠራር ታዛዡና ነጋሪው በአንድ ስንቅ ይኖሩ ነበር፤ እዚህ ተለያዩ። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር ከሌዘሩም ከሲሊከኑም ይልቅ ይህ መለያየት ነው።

ለሙከራው ሴሊሎ መመረጡ ድፍረት ይጠይቃል። አዲሱ ቫልቭ በሜርኩሪ ቫልቮች መካከል ነው የገባው። ከእነርሱ አንዱ የኋልዮሽ ቅስት ቢያመጣ የጅረቱ ማዕበል በእንግዳው ላይ ያልፋል፤ የቮልቴጅ ዝላዩም አይራራለትም። በንጹሕ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚደረግ ፈተና ይህን የመሰለ ክፉ ጎረቤት ሊሰጠው አይችልም። ባለቤቱ በበኩሉ አደጋውን በልክ አድርጎታል፦ አንድ ቫልቭ ብቻ፣ ከብዙ ቡድኖች በአንዱ። ቢከሽፍ የሚቆመው የመስመሩ ጥቂት ክፍል ነው።

የሆነውን ከተከተለው ነገር መረዳት ይቻላል። በ2001 ስኮትላንድንና ሰሜን አየርላንድን የሚያገናኘው የሞይል መስመር በዚሁ ዓይነት ታይሪስተሮች ሥራ ጀመረ። በ2004 በቻይና ከጉይጆ ወደ ጓንግዶንግ 3,000 ሜጋ ዋት የሚያሳልፈው መስመር ተከተለ። በዚያው ዓመት ሴሊሎ ራሱ የቀሩትን የሜርኩሪ ቫልቮች አስወግዶ በብርሃን በሚቀሰቀሱ ታይሪስተሮች ተካቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ብርሃኑ አሸነፈ ማለት በተቻለ ነበር። ነገር ግን በ2016 ሴሊሎ እንደገና ከመሠረቱ ታደሰ። አራቱ መለወጫዎች በሁለት አዳዲስ መለወጫዎች ተተኩ፤ የጣቢያው አቅም ወደ 3,800 ሜጋ ዋት አደገ፤ ሥራውን የሠራው ኤቢቢ ነው። ኤቢቢ ደግሞ ለረጅም ዘመን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቀሱትን ታይሪስተሮች የመረጠ ኩባንያ ነው። ለምርጫው የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። በብርሃን የሚቀሰቀሰው ገበታ ለመሥራት ከባድ ነው፤ የሚሠሩትም ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው። ተራውን ግን ብዙዎች ይሠሩታል። ብርሃኑ ትእዛዝ ብቻ ሲሆን ደካማ ብርሃን ይበቃል፤ ሌዘሩ ቢያረጅ፣ ክሩ ጥቂት ቢደበዝዝ ችግር የለም። ብርሃኑ ስንቅም ሲሆን ግን የሚባክነው እያንዳንዱ ሚሊ ዋት ይቆጠራል። የሰሌዳዎቹም ጥራት ከ1970ዎቹ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል።

የእኔ ሚዛን የሚያደላው ወደ ብርሃኑ ነው፤ በተለይ የኤሲ መረቡ ደካማ በሆነበት ቦታ። ጠንካራ መረብ ላይ የቮልቴጅ ውድቀት አጭርና ጥልቀቱም ትንሽ ነው፤ የተጠራቀመው ስንቅ ይበቃል። ደካማ መረብ ላይ ውድቀቱ ጥልቅና ረጅም ነው፤ እዚያ ቀስቃሹ የሚበላው ነገር ማጣቱ የወረቀት ላይ ስጋት ሆኖ አይቀርም። ገበያው ግን በዚህ ሚዛን ብቻ አይመራም፤ ዋጋና የመለዋወጫ አቅርቦትም ይፈርዳሉ፤ ያንንም አልንቅም።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚገባው የቀጥተኛ ጅረት መስመር በአዎንታዊና በአሉታዊ 500 ሺህ ቮልት የሚሠራ፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማሳለፍ የሚችል ነው። የንግድ ሽያጩ በኅዳር 2022 ሲጀመር ኬንያ የወሰደችው 200 ሜጋ ዋት ነበር። ይህ ከሙሉ አቅሙ አሥረኛው ነው፤ ለቀስቃሽ ሰርኪዩት ደግሞ ዝቅተኛ ጭነት ዕረፍት አይደለም። ጅረቱ ሲያንስ ሞገዱ ዜሮን ሊነካ ይችላል፤ ዜሮን የነካ ታይሪስተር ይጠፋል፤ በዚያው የማስተላለፊያ ተራው ውስጥ እንደገና መቀስቀስ ይኖርበታል። አንድ ጊዜ ሊበቃ የሚገባው ጥይት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይተኮሳል፤ ስንቁም በዚያው ልክ ያልቃል። ኃይሉን በሁለቱም ወገን ከማካፈል በአንዱ ብቻ ማሳለፍ የዚያን ወገን ጅረት ከአሥር በመቶ ወደ ሃያ በመቶ ያደርሰዋል፤ ከዜሮም ያርቀዋል። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ለሚመደብ ወጣት መሐንዲስ ብመክር፣ የቫልቩን መመሪያ ሲቀበል መጀመሪያ የሚፈልገው ገጽ አንድ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ የኤሲ ቮልቴጁ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ፣ ቀስቃሾቹ ለስንት ሚሊ ሰከንድ ትእዛዝ መፈጸም ይችላሉ?